የተቀባው የስፌት መኪና

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 5

ከጋዜጣችን ማተሚያ ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው። ወ/ሮ አስካለ አብራኝ። የቀበና ጎረቤቴ ናት፤ ሁለት ልጆች በስፌት ታሳድጋለች። የሕግ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ አቅም ለሌለው በነጻ ያማክራሉ ሲሉ ሰምቼ ነው ያመጣኋት።

አዲስ ነው ተብላ የገዛችው የስፌት መኪና አሮጌ ሆኖ ተገኘ። ቀለሙ ሲላጥ ከሥሩ ዝገት። ክር ይበጥሳል፣ የሰው ጨርቅ ያበላሻል። ሥራ ቆመባት። ሻጩ አቶ ደምሴ አይተሽ ወስደሻል፣ ፈርመሻል ብሎ መለሳት።

የተቀበላት ተማሪ በላይ ይባላል። ከረባቱ የተውሶ ይመስላል። ውሉን ደጋግሞ አነበበ። ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭ በፊርማ አያመልጥም አለ። ክሱን አርቅቆ ማክሰኞ ያስፈርማታል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8

አልፈርምም አለች።

ምክንያቷ ገባኝ። እሷ፣ አቶ ደምሴና እኔ የአንድ ሚካኤል ማኅበርተኞች ነን። በወሩ በ12 ከአንድ ጽዋ እንጠጣለን። ማኅበርተኛ ጠቡ በማኅበሩ ሳይታይ ዳኛ ፊት አይካሰስም።

በላይ ተበሳጨ። “እትዬ፣ ማኅበሩ ልብስ ይሰፋልዎታል?”

“አይሰፋልኝም ልጄ። ስታመም የሚጠይቀኝ ግን እሱ ነው።”

ብዕሩን ከደነ። ማኅበሩ ጠብ የሚያየው እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ነገርኩት። የዚህ ወር ደጋሽ ተረኛ አቶ ደምሴ መሆኑን ስጨምርበት ሳቀ።

ዐርብ፣ ጥቅምት 11

በላይ መካኒክ ይዞ መጣ። መኪናው ተፈታ፤ የመካኒኩ ቃል ተጻፈ፣ ተፈረመበት። እኔም ስለ ተቀባው መኪና ለጋዜጣችን የምጽፈውን ጨረስኩ፤ የአቶ ደምሴ ስም አለበት። ሰኞ ይወጣል። ወ/ሮ አስካለ ፊቷ ገርጥቷል። ነገ በማኅበሩ ፊት ካልሆነላት መኪናውንም ማኅበሩንም ታጣለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

የአቶ ደምሴ ቤት፣ የካ፣ ዳገቱ ላይ። ቄሱ ባረኩ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ወ/ሮ አስካለ በሁለት እጇ ተቀበለች። ሳትቀምስ አስቀመጠችው። ቂም ይዞ አይጠጣም።

የማኅበሩ አለቃ አባባ ወልዴ፣ የተቀየምሽው ማንን ነው አሏት።

“የዚህን ቤት ባለቤት።”

አቶ ደምሴ በሚካኤል ቀን የንግድ ነገር አይነሣም አለ። አባባ ወልዴ፣ ታዲያ ጽዋው ወደ ተረኛው ሳይሻገር እዚሁ ይደር ወይ አሉት።

ደጅ ሲጠብቅ የቆየው በላይ ተጠራ። የመካኒኩን ቃል አነበበ። ስለ ፊርማው ሕጉ የሚለውን በአጭሩ አስረዳ። እዚህ ካላለቀ ፍርድ ቤት አለ ብሎ ጨረሰ።

“አንተ ልጅ፣ ልታስታርቅ ነው የመጣህ ልታስፈራራ?” አሉት አባባ ወልዴ።

“ሁለቱንም፣ አባቴ።”

ተሳቀ። አቶ ደምሴም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ መካድ ከበደው። ነገ አዲስ መኪና ከነሣጥኑ ሊሰጣት ዋስ ጠራ። ጽሑፌን ሰምቶ ኖሯል፤ አንድ ነገር ለመነ፦ ስሜ ጋዜጣ ላይ አይውጣ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መኪናው ከገባ አይወጣም አልኩ።

ወ/ሮ አስካለ ጽዋውን አንሥታ ጠጣች።

እሑድ፣ ጥቅምት 13፣ ረፋድ

መጣ። በላይ የአዲሱን መኪና ሣጥን ራሱ ከፈተ፤ ከውስጥ ከውጭ መረመረው። ወ/ሮ አስካለ ቁራጭ አቡጀዲ አስገብታ ረገጠች። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጨርቁን ለልጆቿ እያሳየች ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። እኔም ቀለል አለኝ፣ ማስታወሻዬ።

ጽሑፉስ? ሌላው ገዢ ከሻጩ ጋር ማኅበር የለውም። በላይን አማከርኩት። ስሙን ሰርዝ፣ ማታለያውን ጻፍ አለኝ።

አሁኑኑ ወደ ማተሚያ ቤት እወርዳለሁ። ስሙ ይሰረዛል። በቦታው የተቀባ መኪና መለያው ይገባል፦ በብሎኖቹ ጥርስ ውስጥ የቀረ ቀለም፣ ሆዱ ውስጥ የተጋገረ ዘይት። ተማሪዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገኙበት ክፍልም።