የአባታችን ጠማማ ግድግዳ

ውድ እታለም ኦክሱን፣

እዚያ ኦሳካ ሆነሽ «ይሄን ማን ጻፈለት?» እንደምትይ አውቃለሁ። ማንም! የማታ የፊደል ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ከክፍሉም አንደኛ ነኝ፤ አብረውኝ የተማሩት አሮጊቶች አይስማሙም እንጂ።

ዋናው ወሬ ግን የእማዬ አየር ማቀዝቀዣ መሰቀሉ ነው።

ባለፈው ሙቀት ራሷን ስታ ወድቃ፣ ከሆስፒታል ስትመለስ እንኳ «አማልክቱ ቤት እያሉ ግድግዳዬ አይበሳም!» ብላ ከነመሣሪያዬ ከበር መልሳኛለች። ስለዚህ አማልክቱ ሹመት ሊቀያየሩ ወደ ሰማይ የሚወጡበትን የብርድ ሰሞን ጠበቅኩ። መንደሩ ሁሉ በዚያው ሰሞን ቤት ሲቀይርና ጣሪያ ሲያስጠግን እኔን እየተሻማ፣ ለእማዬ የተረፈኝ የመጨረሻው ቀን ሆነ። እሱ ካመለጠኝ እስከ ከርሞ መጠበቅ ነው። ሌላ እንደዚያ ያለ ሙቀት ደግሞ የምትችል አልመሰለኝም።

አባታችን የገነባውን ያንን ግድግዳ ታውቂዋለሽ፤ አንዱ ጥቁር ድንጋይ ሆዱን ነፍቶ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ሸሽቶ። የማቀዝቀዣውን መደገፊያ ብረት በውጭ በኩል ለጥፌ ብሎኑን ሳጠብቀው ብረቱም ግድግዳውን ተከትሎ ተጣመመ።

«ጠጥቷል እንዴ ይሄ?» አለች እማዬ በረዶው ላይ ቆማ።

«ግድግዳሽ ነው የጠጣው!»

«ግድግዳዬን ተወው። አንተ ሳትወለድ እዚህ ነበር።»

ተውኩት። ረጃጅም ብሎኖች አምጥቼ፣ በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ጭቃ ትቼ ድንጋዮቹን ራሳቸውን በትራፓኖ በሳሁና ብሎኖቹን በማጣበቂያ ተከልኳቸው። ማጣበቂያው ግን በብርዱ አልደርቅ አለ፤ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው።

«አማልክቱ ሲወርዱ ትራፓኖህን እንደታቀፍክ ያገኙሃል!»

«ታዲያ ምን ላድርግ እማዬ፣ ልተንፍስበት?»

ወደ ቤት ገባች። ታቅፋው የምትተኛውን የሙቅ ውሃ ላስቲክ ይዛ ወጣችና በሻርፗ ግድግዳው ላይ አሰረችው። እንደታመመ ልጅ እያገላበጥን፣ ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው እያዞርን አሞቅነው።

ሲደርቅ በየብሎኑ አንድ ማሰሪያ ዳዶ ከብረቱ ጀርባ፣ አንድ ከፊቱ አስገባሁ። ብረቱን ድንጋዩ በጎበጠበት አስጠግቼ፣ በጎደጎደበት አርቄ፣ የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ላይ እስኪቆም ድረስ። ግድግዳው እንደጠመመ ቀረ፤ ብረቱ ቀጥ አለ! በመላው ጄጁ ደሴት እንዲህ የሚሠራ ካለ አምጪልኝ። የማቀዝቀዣውን የውጭ ሞተር ስጭንበት ንቅንቅ አላለም።

«አብራው» አለች።

«እማዬ፣ በረዶ እየጣለ!»

«አብራው አልኩህ። አማልክቱ ሲገቡ ድምፁን ይልመዱት።»

አበራሁት። ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ቤት ውስጥ ከሚነፍሰው ክፍሉ ሥር ቁጭ አለች፤ ፊቷ እንደዚያ ሲፈካ ካየሁ ቆይቻለሁ። አጥፊው ብላት እንቢ አለች።

እታለም፣ በሙቀቱ ወራት ነይ። የምትደርቢውን ይዘሽ ነይ፤ እማዬ ብርድ ልብሷን አትሰጥሽም።

ታናሽሽ ቦንግጁ