እልል በሉልኝ፣ ሽቦ ልቀይር

እሑድ፣ ጥር 12 ቀን 1977

እሺ አልኩ! አፌ ነው እሺ ያለው፤ ሆዴ ገና እያሰበ ነው።

ሐጂ ይማም ጠዋት መጥተው ረኩባዬ ሥር፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ቁጭ አሉ። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የአገሬ የጎንደር ሰው፣ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ የሸበቱ። ሻዩን ሳይቀምሱ ስሜን ጠርተው "ባንቺ፣ ጉድ ሆኛለሁ" አሉኝ። ልጃቸው ዘይነብ ሐሙስ ትዳራለች። ሙሽራው ሱዳናዊ አስተማሪ ነው፤ ሰርጉም በትልቁ ናዲ፣ በከተማው ክበብ ግቢ። ከካርቱም ይመጣሉ የተባሉት ዘፋኞች ቤንዚን የለም ብለው ቀሩ።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግልዎት? ልዝፈን?" አልኳቸው።

"አንቺማ ከዘፈንሽ ሙሽራውም ይሸሻል። ካሴቶችሽን ይዘሽ ነይ።"

ናዲው! እኔ እኮ በቴፔ ዘፈን እያሰማሁ ሻይ የምሸጠው ከናዲው ግንብ ሥር ነው። ይኸን ሁሉ ዓመት የሰው ሰርግ፣ የሰው ጭፈራ በግንቡ ላይ እየዘለለ ሲመጣልኝ እሰማለሁ እንጂ ገብቼ አላውቅም። የሚያጫውተው ሰው ሲያበላሽ ግን ከውጭ ሆኜ እሰድበዋለሁ። "አሁን ከዚያ ዘፈን በኋላ ይሄ ይከተላል?" እያልኩ። እንግዲህ አሁን ተሰዳቢዋ እኔ ነኝ።

ለተብርሃን ብርጭቆ እያጠበች ሁሉንም ሰማች። ለተ ከእኔ ጋር የምትሠራው ከመከር ጀምሮ ነው። ከትግራይ በእግሯ መጣች፣ እናቷን መንገድ ላይ ቀብራ። እኅቷ ቱነይድባ ካምፕ አለች። አካሏ ከስቷል፣ ምላሷ ግን አልከሳም። "እስካሁን የሚሰማሽ ሻይ ጠጪ ነው" አለችኝ። "ሻዩ እስኪያልቅ ይታገሥሻል። ሰርገኛ ግን ተነሥቶ ይሄዳል።"

ይህችን ይዤ ነው የምተኛው።

የሚያስፈራኝ፦ መብራት። አቧራ። የባትሪ ድንጋይ። ደግሞ ሦስት ዓይነት ሰው ነው የሚመጣው፤ የእኛ ሰው በትከሻው፣ የትግራዩ በዙር፣ ሱዳኖቹ ጣታቸውን ወደ ላይ እያጮሁ። አንዱን ሳስነሣ ሁለቱ ይቀመጡብኛል። ከሁሉ የባሰው ጸጥታ ነው። መሃል ላይ ጭጭ ያለ ሰርግ አይቼ አውቃለሁ፤ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል፣ ከዚያ ጫማውን ይፈልጋል። የዘይነብ ሰርግ እንደዚያ ቢሆን አገር ለቅቄ እሄዳለሁ። የት እንደምሄድ እንጃ፤ አንድ አገርማ ለቅቄያለሁ።

ሰኞ

ካሴቶቼን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ዘረገፍኩ። በየወገባቸው ክር አሰርኩባቸው። ቀይ የጎንደር፣ አረንጓዴ የሱዳን፣ ነጭ የትግርኛ። መነጽሬን ሳልፈልግ ከሩቅ እለያቸዋለሁ። ብልህ ነኝ እኮ!

የሙሽራው እናት ሐጃ ነፊሳ መጣች። ሰላምታዋ ራሱ ትእዛዝ ነው። ልጇ ሲገባ የሚዘፈንለትን ዘፈን ነገረችኝ። እሱ ካልሆነ ልጄ በር ላይ ይቆማል አለች፤ ወላሂ ብላ ማለች። እኔ ዘንድ ደግሞ የለም። ሐዲር፣ ሐዲር፣ እሺ እሺ እያልኩ ሸኘኋት። ዘወር ስትል ግን ያላልኩት አልቀረም፤ ሻይ ጠጪዎቼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

እግዜር ይስጠው፣ ዘፈኑን ወዲያው ራዲዮው አመጣው! ከራዲዮ ወደ ቴፕ የሚያገናኝ ሽቦ የለኝም። ስለዚህ ቴፑን ራዲዮው አፍ ላይ ደግኜ "የሚያስነጥስ ሰው ሻዩን እደፋበታለሁ" ብዬ ሁሉንም ዝም አሰኘሁ። አንድ ሽማግሌ ሳላቸውን ይዘው ሊሞቱብኝ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ራዲዮውን ዘጋሁና ወደ ሻዬም ወደ ሐሜቴም ተመለስኩ። ቆይቼ ሳየው ካሴቱ ጫፉ ደርሶ ራሱ ቀጭ ብሎ ቆሟል። በእስክሪብቶ አጠንጥኜ መለስኩት፤ የባትሪ ድንጋይ እንዲህ ነው የሚቆጠበው። ዘፈኑን ሰማሁት። ጥርት ያለ! አረንጓዴ ክር፣ ከነድርብ ቋጠሮው።

ማክሰኞ

ዛሬ ደስታዬ ቀዘቀዘ። ጠዋት ሰው የጫነ ሎሪ በገበያው መሃል አለፈ፣ ከድንበር ወደ ካምፕ። ልጆቹ እንኳ አያለቅሱም። ቴፑን ዘጋሁት።

ለተ ሎሪውን እስኪጠፋ አየችው። የምታውቀው ፊት ትፈልጋለች፤ ሁልጊዜ ትፈልጋለች። "ለተ፣ ይሄን ሰርግ ልተወው ይሆን?" አልኳት።

"እኔ አትዝፈኑ አልኩ?" አለችኝ ተቆጥታ። "ሰው መቼም መጋባቱን አይተውም። እኔን ጨፍሪ አትበሉኝ ነው የምለው። ሻይ አፈላለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ። በቃ።"

ከቀትር በኋላ ሐጂ ብቅ አሉ። ለሰርጉ ከገዟቸው ሰንጋዎች ግማሾቹ ቱነይድባ ለስደተኛው ይታረዳሉ አሉ። እንግዳው ሥጋ ቢያንሰው ዘፈን ይጥገብ፤ እሱ ያንቺ ሥራ ነው አሉኝ። አይ ሐጂ! ይኸን ሲሉኝ ተነሥቼ ካሴቶቼን እንደገና ቆጠርኩ።

ረቡዕ

ገባሁ! በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ ማን እንደሚያየኝ እንጃ።

ግቢው ሜዳ ነው፣ ሰማዩ ክፍት። በአራቱ ማዕዘን የብረት ጡሩምባ የመሰለ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ማሽኑን የሚጠብቀው ዑስማን የሚባል ቀጭን ሰው፣ የእኔው ሻይ ጠጪ፣ ቴፔን ሲያይ "ይቺ ሕፃን ናት ይህን ሁሉ ግቢ የምታስለቅሰው?" ብሎ ቀለደ። ሽቦውን ሰካልኝ። ቀይ ክሩን ከፈትኩ። ወዲያው ከአራቱ ማዕዘን! የእኔ ካሴት! ግንቡ ላይ ያሉት እርግቦች ተነሡ። ብቻዬን ትከሻዬን መታሁ፤ ዑስማን ብቻ ነው ያየኝ፣ እሱም ጣቱን አጮኸልኝ።

ችግሩ ሽቦው አንድ ነው። የእኔን ቴፕና ከሐጂ የተዋስኩትን ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሽቦ ስቀይር ግን ጡሩምባው ሲጥ ይልና ጸጥ! ያ የምፈራው ጸጥታ። ስንሞክር ዋልን።

ያዳነችኝ የሐጂ ባለቤት እትዬ ሩቂያ ናት። ምንጣፍ ልታስነጥፍ መጥታ ሲጡን ብትሰማ ጆሮዋን ያዘች። "እሱን ከምሰማ እልል ብል ይሻለኛል" አለች። እኔም ዘልዬ አቀፍኳት። ነገሩ ይኸው ነው! እኔ ነጠላዬን ከፍ ሳደርግ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ በእልልታው መሃል ሽቦ እቀይራለሁ፣ እልልታው ሲበርድ አዲሱ ዘፈን ይነሣል። ሲጡንም ጸጥታውንም የሚሰማ የለም። ሩቂያ "በሰርግ እልል በሉ ተብሎ የሚለመን ሴት የት አለ፣ ተዉ ብለሽ ነው የምትለምኚ" አለች። ሞከርነው። ማር ነው!

ሐሙስ ጠዋት

እንቅልፍ የለም። መብራት ስለማይታመን በቀን ብርሃን፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ይጀመራል። ካሴት፣ ክር፣ እስክሪብቶ፣ ጨርቅ ለአቧራ። ለተ ብርጭቆዎቹን በሣጥን ይዛ ቀድማኝ ሄደች። "ሰው ተነሥቶ ሲሄድ ሻይ ይዤ በር ላይ እቆማለሁ፣ ቢያንስ ጠጥቶ ይሂድ" አለችኝ። ክፉ!

ዓርብ

ከየት ልጀምር።

አጀማመሩ እንደ ቅቤ ነበር። ቀይ ክር፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፤ ነጠላ ከፍ፣ እልልታ፣ ሽቦ። ሰው እየተፈራረቀ ሜዳውን ሞላው። ዘይነብ እንደ ጨረቃ ተቀምጣለች። ሙሽራው በር ላይ ሲደርስ የነፊሳን ዘፈን ለቀቅኩት። ሱዳኖቹ በአንድ ላይ ተነሡ፤ ነፊሳ ራሷ በዚያ ግርማዋ መሃል ገብታ ጣቷን አጮኸች። እኔ ደስታዬ እስከ ራስ ጸጉሬ!

ዘፈኑ አለቀ። ነጠላዬን አነሣሁ። እልልታ ሆነ። ሁለተኛውን ቴፕ ብጫነው ካሴቱን በልቶታል፤ የካሴቱ ጥብጣብ እንደ ፓስታ ወጣ። ስፈታ፣ ሴቶቹ እልል፣ ስፈታ፣ እልል፣ እስትንፋሳቸው አለቀ። ሽቦው ገና ያለው በመጀመሪያው ቴፕ ላይ ነው፤ እሱም አልቆመም፣ ይዞራል። ድንገት በአራቱም ጡሩምባ የሴት ድምፅ ወጣ፦

"ኧረ እናንተ፣ የሙሽራው እናት ናት ወይስ የጦር አዛዥ? ያን ሁሉ ቶብ ተጠቅልላ ስትመጣማ ድንኳን ተነቅሎ የሚሄድ መስሎኝ ነበር!"

እኔ ነኝ። የእኔ ድምፅ! ሰኞ ራዲዮውን ብቻ ነው የዘጋሁት፤ ቴፑ እስከ ጫፉ እኔን ሲቀዳ ውሏል። የጎንደር ሰው ሁሉ በሳቅ መሬት ላይ ወደቀ። ሐጂ በጥምጣማቸው አፋቸውን አፈኑ። ነፊሳ አማርኛ አትሰማም። ሩቂያን "ምንድነው የምትለው?" ብላ ጠየቀች። ሩቂያ ዓይኗን ሳታሽ በዐረብኛ "እየመረቀችሽ ነው" አለቻት። ነፊሳም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። መሬት ብትውጠኝ እንዴት በወደድኩ።

ሽቦውን ልነቅል እጄን ስዘረጋ የእኔ ወሬ ተቋረጠ። ካሴቱ ውስጥ ውኃ ተንቦጫረቀ፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ ተነካካ። በዚያች ቅጭልጭልታ ላይ አንዲት ሴት በትግርኛ ማንጎራጎር ጀመረች። እጄ እዚያው ቀረ።

ለተ ናት። ብርጭቆ ስታጥብ ትዘፍናለች እንዴ? ከመከር ጀምሮ አብረን ውለን አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም። እንዴት ልስማ፣ ሁልጊዜ የማወራው እኔ ነኝ።

ከበሩ አጠገብ የቆሙት የትግራይ ሰዎች በብርጭቆው ምት ማጨብጨብ ጀመሩ። አንድ ሁለት እያሉ ዙር ገቡ። ለተ ሻይ እንደያዘች መሃል ላይ ደርቃለች። በዓይኗ "ገደልሽኝ" እያለችኝ ነው። ዙሩም ሞቅ ማለት ሲጀምር ካሴቱ ጫፉ ደረሰ። ቀጭ።

ጸጥታው መጣ። ያ የፈራሁት። የሰው እግር በአየር ላይ ቀረ። ሁሉም ወደ ለተ ዞረ።

ትሪውን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ ካሴቱ ከቆመበት፣ ከዚያችው ቃል፣ ቀጠለች። ዑስማን ማይክሮፎን ይዞ ሲሮጥ በክርኗ ገፋችው። አላስፈለጋትም፤ ግቢው ሁሉ ጆሮ ነበር። የሱዳን ሴቶች የሸክላ ከበሯቸውን አምጥተው ደገፏት። የጎንደሩም፣ የሱዳኑም፣ ሁሉም ዙሩን ገባ፤ ሐጂም ሳይቀሩ! እኔ መሬት ተቀምጬ በእስክሪብቶ ጥብጣቤን አጠነጥናለሁ፣ እንባዬ ይወርዳል። ከፈታሁት ቆይቷል እኮ። መክፈት አልፈለግኩም።

በመጨረሻ ለተ ራሷ ጮኸች፦ "ባንቺ! ቴፕሽ ሞተ እንዴ? ጉሮሮዬ ደረቀ!" ቀይ ክሩን ለቀቅኩት። መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ጫማውን የፈለገ ሰው የለም።

ስንመለስ ስለ ዘፈኑ ጠየቅኳት። "የእናቴ ነው፣ ሲያጭዱ የሚሉት" አለች። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም፤ አንዳንዴ ዝም ማለት እችላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ለተ ለእኅቷ ልታሰማ ካሴቱንም ቴፑንም ይዛ ቱነይድባ ሄደች። ረኩባዬ ያለ ዘፈን ዋለ፤ ሻይ ጠጪው ሁሉ ሲያጉረመርም፣ ዑስማን ግን በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰርግ አለ፣ ትመጫለሽ ወይ አለኝ። ይጠየቃል?

ሐጃ ነፊሳም መጣች። ሻዬን ጠጣች፣ እጄን ሳመች። ያ ምርቃት ያለበትን ካሴት ቅጂልኝ፣ ቤቴ አስቀምጠዋለሁ፣ ለጎረቤቶቼም አሰማለሁ አለች። ኢንሻላህ አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ጎረቤቶቿ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ አለ ወይ ብዬ ሩቂያ ዘንድ ሰው ልኬያለሁ። መልሱ ገና አልመጣም።