የማህሌት ድርሻ

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ ጠዋት

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ያለ መስታወት። ውሃ ከቦኖ አመጣለሁ፣ በትንሹ ጀሪካን፣ ግን አመጣለሁ። ፀሐይ ካለ ክር በመርፌ አስገባለሁ። እንሰቱን እኮተኩታለሁ። እንቁላል እቀቅላለሁ። የሚያስቸግረኝ ቁልቁለት ብቻ ነው፣ እሱንም ቀስ ብዬ።

ይህን የምነግርህ ልጄ አስቴር ትናንት አባባ ከእንግዲህ ቆርቆሮ ላይ አትውጣ ስላለችኝ ነው። እሷ አትሰማኝም፤ አንተ ደብተር ስማኝ። ፊደሌ የመሠረተ ትምህርት ነው። ቢጣመም ቻለው።

ወሬ አለ። የጎረቤት ተከራዮች ሊሄዱ ነው። ሰውዬው ቢሮ ነው የሚሠራው፣ ወደ ቦዲቲ አዛወሩት። ልጃቸው ማህሌት ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ። የኔ ዶርካስም ዘጠኝ። ዶርካስ የአስቴር ልጅ ናት። አስቴር ዱቦ ሄዳ ሥራ ትውላለች፣ ቀን ቀን ልጅቱ የኔ ናት።

የኔ ነበረች። እነዚህ ሰዎች እስኪመጡ። ከት/ቤት ስትገባ ቀጥታ ወደኔ ነበር የምትመጣው። ሽበቴን ትነቅላለች፣ የአያትህን ተረት ንገረኝ ትላለች። ባለቤቴ ወደ ጌታ ከሄደች ወዲህ ከዚህች ልጅ ሌላ ማን ጠየቀኝ። አሁን ቦርሳዋን ትወረውርና በአጥሩ ቀዳዳ ሹልክ። ማዶ ሆነው ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው አይሰማኝም። ጆሮዬን ብሰጥም አይሰማኝም።

ደስ ብሎኛል። ለሰው አልናገርም። ለአንተ ግን፣ ደስ ብሎኛል።

ነሐሴ 26፣ ከሰዓት

የዶሮዋ ነገር ተነሳ። መጀመሪያውን ላውራህ።

ለዶርካስ አንዲት ዶሮ ሰጥቻት ነበር፣ ቀይ። ማህሌት ጥሬ ከቤቷ እያመጣች አበላቻት። እንቁላል ስትጀምር ሁለቱ ተጣሉ፣ የኔ ናት የኔ ናት። አስታረቅኳቸው። እኛ ወላይታዎች ከብት እንደምንካፈለው የእኩል ናት አልኳቸው። አንዷ ዶሮ ሰጠች፣ አንዷ ቀለብ። እንቁላሉ እኩል፣ ጫጩቱ እኩል። ተካፋይ ሳያውቅ ድርሻ አይነካም። ይህንን እጅ ለእጅ አያይዤ አስባልኳቸው። ሁለቱም አሉ። እኔና ጎረቤቴ ዳልኬ ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ደንብ የሰው በሬ፣ የሰው ፍየል ስንዳኝ ኖርን። የማንም ድርሻ በእጄ አልጠፋም።

ዛሬ ማህሌት መጣች። አባባ፣ ቦዲቲ ብሄድም ድርሻዬ አለ አይደል፣ እርስዎ ይንገሯት አለችኝ። አማርኛዋ ቅቤ ነው። ዶርካስም እንደሷ ማውራት ጀምራለች፣ ከኔ ጋር እንኳ። በወላይትኛ ስጠይቃት በአማርኛ ትመልሳለች።

አለሽ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ።

ነሐሴ 29

ሄዱ። ፍራሽ፣ ቁም ሣጥን፣ ጀሪካን፣ ሁሉ አይሱዙ ላይ። ዝናብ ነበር። ልጆቹ አላለቀሱም። ያደረጉት ምን መሰለህ፣ የግራ እግር ነጠላ ጫማቸውን ተለዋወጡ። አሁን የኔ ልጅ አንድ እግሯ ሰማያዊ አንድ እግሯ ቢጫ ሆና ትዞራለች። ሰው ምን ይላል አልኳት።

መኪናው እንደወጣ የአጥሩን ቀዳዳ በእሾህ ደፈንኩ። ማንንም ሳልጠራ፣ ራሴ። እጄ ደማ፣ ግን ጥሩ ተደፈነ።

ከዚያ ዶርካስን ነይ ተረት ልንገርሽ አልኳት። አሁን አልፈልግም አባባ አለች፣ በአማርኛ።

ጳጉሜ 2፣ እሁድ

ስልክ ጮኸ። አስቴር ስልኳ ወድቆ ከተሰበረ ወዲህ ቤት ያለው ስልክ የኔ ብቻ ነው። የማህሌት እናት ናት። ልጅቷ ዶርካስን ካላናገርኩ እያለች ነው፣ ይስጧት አለችኝ።

ዶርካስ ጓሮ ነበረች። ትታየኝ ነበር። ከዶሮዋ ጋር ታወራለች።

ተኝታለች አልኩ።

አፌ ነው ያለው። እንዲያው ወጣ።

ጳጉሜ 4

ዛሬም ደወሉ። ቤ/ክ ሄዳለች አልኩ። በዛሬ ቀን ቤ/ክ እንደሌለ ሴትየዋ ምን ታውቃለች፣ ቤ/ክርስቲያናችን ሌላ ነው።

ማታ ዶርካስ መጣች። አባባ ደወለች? አልደወለችም። እኛ እንደውልላት? ካርድ የለውም አልኳት። አለው።

ጳጉሜ 5

ልጅቱ አትበላም። ሸንኮራ ገዛሁላት። አመሰግናለሁ አለችኝ። እንደ እንግዳ። ገበጣ አወጣሁ፣ ተጫወተች፣ ሆን ብዬ ተሸነፍኩላት፣ አላወቀችም። ሽበቴን አሳየኋት። አየችው።

ሌላ ጉድ ልንገርህ። ዶሮዋ ስትጥል አንዱን ለቤት ታመጣለች፣ ቀጣዩን በከሰል ማ ብላ ጽፋበት ቅርጫት ውስጥ ጭድ ላይ ታስቀምጣለች። የማህሌት ነው። ዶሮዋ ስትታቀፍ ይፈለፈልላታል። በየማለዳው ታገላብጣቸዋለች፣ አንድ ባንድ፣ እንደ ሕፃን። እኔን ደህና አደርክ ያለችኝ ከእነሱ በኋላ ነው።

ከእንቁላል በኋላ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች አንተ በድመቷም ትቀናለህ ትለኝ ነበር። ድመቷ ላይ እውነቷን ነው።

መስከረም 1

ዓመቱ ተለወጠ። ስልኩን አጠፋሁት። ባትሪው እንዲያርፍ።

ዶርካስ ደጅ ተቀምጣ ዋለች። ልጆች አበባ ይዘው መጡ፣ ተጫወቺ አሏት፣ ጫማዋን አይተው ሳቁባት። አላወለቀችውም። ብትደውል ኖሮ እነግራት ነበር አለችኝ ማታ። ምኑን አልኳት። እንዲያው፣ አለች። ለኔ ንገሪኝ አልኩ። አንተ አይገባህም አባባ።

አይገባህም። እኔን።

መስከረም 4፣ እሁድ

አስቴርና ዶርካስ ቤ/ክ ሄዱ። ጉልበቴን ብዬ ቀረሁ። ጉልበቴ ደህና ነበር።

ሁለት ቀቀልኩ። ከቅርጫቱ። ማ ያለባቸውን። በዳጣ በላሁ፣ የዘንድሮ ዳጣ ያቃጥላል። የቤቱ እንቁላል መደርደሪያው ላይ ነበር፣ አላየሁትም አልልህም። አየሁት። የማህሌትን በላሁ።

ጣፈጠኝ።

ቅርፊቱን እንሰት ሥር ቀበርኩ።

መስከረም 6

ዶርካስ ቅርጫቱን ደጋግማ አየች። አይጥ ይሆናል አልኳት። አየችኝ። የአያቷን ዓይን ነው የያዘችው ይህች ልጅ።

መስከረም 8፣ ሐሙስ ማታ

ጉዴን ስማ።

ዶሮዋ ናት ያጋለጠችኝ። እንሰቱ ሥር ስትጭር ቅርፊቱን አወጣችው። ማ ያለበት። ዶርካስ አላለቀሰችም። አልጮኸችም። ቅርፊቱን በወረቀት ጠቀለለችና ዳልኬ ቤት ሄደች። ከሰሰችኝ።

ዳልኬ እንደ ትልቅ ጉዳይ ያዘው። ካፖርቱን ለበሰ፣ በርጩማ አወጣ፣ አቮካዶው ጥላ ሥር። አንጁሎ፣ ተከሰሃልና ተቀመጥ አለኝ። ሳቄ መጣ። የልጅቱን ፊት ሳይ ሄደ።

በወላይትኛ ተናገረች፣ ከስንት ሳምንት በኋላ፣ እንደ ሽማግሌ። ዶሮዋ የጋራ ናት። ደንቡን ያወጣው አባባ ነው። የማህሌትን ድርሻ በልቷል።

ዳልኬ፣ «አይጥ ቢሆንስ?»

«አይጥ አይቀቅልም። ቅርፊትም አይቀብርም።»

ዳልኬ አሳለ። ሳሉ እውነተኛ ሳል አይደለም፣ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። ምን አስበላህ? ራበኝ አልኩ። ቤታችሁ ሌላ እንቁላል አልነበረም? ነበረ። ታዲያ?

ዶሮዋን አየሁ።

«ቀንተህ ነው» አለ። «ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶህ፣ በዘጠኝ ዓመት ልጅ።»

አንተ ጥርስ የሌለህ ዳኛ፣ የራስህን በሬ እንኳ በቅጡ ዳኝተህ አታውቅም አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም። በሬው የዛሬ ስንት ዓመት ሲሞትበት እንዴት እንዳለቀሰ አይቻለሁ።

እሱ ወደ ልጅቱ ዞሮ በለሰለሰ ድምፅ፣ ልጄ፣ ጓደኛሽ ሩቅ ሄዳለች፣ አልደወለችልሽም አሉ፣ አያትሽ ነው፣ ብትተዪለትስ አላት።

ዶርካስ ጫማዋን አየች። ቢጫውን።

«ረስታኛለች» አለች። «ድርሻዋ ግን ድርሻዋ ነው።»

ደብተር፣ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። የጠፋው። ጭኔን ሲከብደኝ ተሰማኝ። እዚያው ደውላለች ማለት እችል ነበር። ዳልኬ ነበረ፣ ዶሮዋ ነበረች፣ ሁሉም ነበሩ። አላልኩም።

ፍርዱ ይኸው። ይቅርታ የሚጠየቀው ከሳሿን ሳይሆን ባለ ድርሻዋን ነው። ጊፋታ የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ነው። የወላይታ ዘመን የሰው ዕዳና ቂም ተይዞ አይለወጥም። ከዚያ በፊት ቦዲቲ። ትክክል ነው የፈረደው። እኔም ብሆን እንዲሁ እፈርድ ነበር፣ ይህ ነው የሚያናድደው።

ስንመለስ ዶርካስ ከፊት ከፊት ሄደች። ቁልቁለቱ ላይ እጄን አልያዘችኝም። ቀስ ብዬ ወረድኩ።

መስከረም 9፣ ዓርብ ማታ

አስቴር ሰማች። አልተቆጣችኝም፣ ያ ይብሳል። አባባ አንተ አትድከም፣ የማውቀው የሚኒባስ ረዳት አለ፣ መልእክቱን በሱ ልላክ አለችኝ። ዳልኬም ልጄ በባጃጅ መናኸሪያ ያድርስህ፣ ካልቻልክም እሱ ይሂድልህ ብሎ ላከ። እኔ በላሁ፣ ሌላ ሰው ይሂድልኝ? እምቢ። ጉልበቴ ደህና ነው።

ነገ በጠዋት እንሄዳለን፣ እኔና ዶርካስ። ስነግራት መጀመሪያ አላመነችም። ቀጥሎ ቅርጫቱን ልያዝ አለች። ቀጥሎ ጫማዋን አጠበች፣ ሁለቱንም እግር፣ በሳሙና። ፊቷ ሌላ ሆነ። ለኔ አይደለም የተለወጠው፣ አውቃለሁ። እስከ ቦዲቲ ግን አጠገቤ ናት የምትቀመጠው። በመስኮት በኩል አስቀምጣታለሁ፣ እኔ በበሩ። እስከዚያ የኔ ናት።

ያለብኝን ልጻፍልህ። ማንም አይከፍልልኝም።

ለማህሌት፣ በበላሁት ፈንታ ቄብ ዶሮ። ከራሴ። ጥቁሯን። ጥሩ ናት፣ ታሳሳኛለች፣ ግን ማህሌት ትወስዳታለች። ይቅርታውን ቆሜ፣ በአማርኛ፣ በሷ አማርኛ ባይሆንም።

ለእናቷ፣ ያን ቀን ልጅቱ ተኝታ አልነበረም ማለት። ቤ/ክም አልሄደችም ማለት።

ለዳልኬ፣ የበሬው ነገር። ዛሬውኑ ልሂድ ብዬ ነበር፣ የቤቱ መብራት ጠፍቷል። ነገ ስንወጣ በደጁ አልፋለሁ። ጥርስ የሌለህ ያልኩት ይቆይ፣ እውነት ነው።

አጥሩን፣ እሾሁን ማንሳት። አዲስ ተከራይ ገብቷል አሉ፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ይነሳ።

ስልኩን ከፍቻለሁ። ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ።

ለዶርካስ፣ ደውላ ነበር ማለት። አንድ ቀን ብቻ አይደለም። አልረሳችሽም ማለት። ይህን ቦዲቲ ደርሰን ከማህሌት አፍ እንድትሰማው አልተውም፣ ሚኒባስ ውስጥም ሰው መሐል አይሆንም። ጠዋት፣ ዶሮዎቹን ስትፈታ። እዚያው ቅርጫቱ አጠገብ። ከዚያ በኋላ አጠገቤ አልቀመጥም ካለችም ወንበሩ የሷ ነው። በወላይትኛ እነግራታለሁ። ራሴ።