የመስቀሉ የተሰበረ ክንድ

እሁድ፣ ታኅሣሥ 24፣ 2014 ዓ.ም.
ከቅዳሴ መልስ። ልጄ ሐና ጡቷን ጠብታ ተኝታለች። አማቴ እትዬ አስካለ ወጥ ያሞቃሉ። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ልቤ አላረፈም። የቤ/ክ ጥንታዊው የነሐስ መስቀል ከዲያቆኑ እጅ አምልጦ አንድ ክንዱ ደቀቀ። ቄሳችን አባ፣ ሾርት ኖርዝ የሚባለው ሰፈር ላለ ወርቅ ሠሪ ፎቶ ላኩለት። እንዲህ ያረጀ ነሐስ አልበይድም አለ።

እኔ ግን አውቃለሁ። ክንዱን እዚያው በሰም መሥራት፣ በጭቃ መሸፈን፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ማስወጣት፣ በባዶው ቦታ ነሐስ ማፍሰስ። የጥንቶቹ እንዲህ ነበር የሚሠሩት። አባቴም፣ ነፍሱን ይማር። ቀጥቃጭ እንደነበር እዚህ ከባሌ ከዳዊት በቀር የሚያውቅ የለም። ለእትዬ አባቷ ነጋዴ ነበር ተብሎ ነው የተነገራቸው። ለእሳቸው ቀጥቃጭ ቡዳ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 27
ለአባ የሚሠራ ሰው አለ አልኩ። ዳዊት ሰውዬው ሌላ ከተማ፣ ሲንሲናቲ ነው ያለው ብሎ ጨመረበት። መስቀሉ ጋራዣችን ገባ። ጭቃው እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ የፈረስ ፋንድያ ይፈልጋል። ዳዊት ከአንድ ፈረስ አርቢ ባልዲ ሙሉ አመጣ። መኪናው እስካሁን ይሸታል፣ እሱም ያኮርፋል።

ማክሰኞ፣ ጥር 3
ሰሙን ጨረስኩ። ጣቴ አልረሳም። እንዲህ ደስ ካለኝ ስንት ጊዜዬ።

ጭቃውን ሳቦካ እትዬ ገቡ። ባልዲውን አዩ፣ ሰሙን አዩ፣ እኔን አዩ። አገር ቤት ቀጥቃጭ ጎረቤት ነበራቸው፣ ማወቅ አላቃታቸውም። ከሰዓት ሐናን ላጠባ ስቀበላቸው ፊቷን በነጠላ ሸፍነው ሰጡኝ። የገዛ ልጄን፣ ከእኔ ዓይን። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ጥር 9
ዳዊት ዴይ ኦፍ ነው፣ ሥራ አልገባም። ቅርጹ ደርቋል። ሰሙን በእሳት አቅልጬ አስወጣሁ፤ እሱ ቅርጹን ያዘ፣ እኔ የቀለጠውን ነሐስ አፈሰስኩ። ሲበርድ ጭቃውን ሰበርኩት። ይዟል! አዲሱ ክንድ ከአሮጌው ይልቅ ያበራል። አላጠቆርኩትም። አባቴ የተጠገነ ነገር መጠገኑ ይታወቅ ይል ነበር።

እትዬ መጥተው መስቀሉን ተሳለሙ። ተናደድኩ። ቀጥቃጭ የሠራውን ይሳለማሉ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ይፈራሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ማን እንደሠራው ለሰው እንዳልናገር ለመኑኝ። አንቺስ ተድረሻል፣ ነገ ሐናን ማን ያገባታል አሉ። ክፋት አይደለም፣ ፈርተውላት ነው። እኔም ስድስት ዓመት ዝም ያልኩት ያንኑ ፈርቼ አይደል? ንዴቴ በረደ። ፍርሃቱ ግን አልበረደም።

ዓርብ፣ ጥር 13፣ ከሰዓት
ጥምቀት ረቡዕ ቢውልም፣ ሰው ሥራ ስለሚውል በቤ/ክ የምናከብረው ነገ ቅዳሜ ነው። አባ ደወሉ። የሲንሲናቲውን ሰው በሕዝብ ፊት ሊያመሰግኑ ስሙን ከነአባቱ ጠየቁ። ዳዊት የፈጠረው ስም ወረቀት ላይ ተጽፎ ፊቴ ነበር።

የራሴን ሰጠሁ፣ ከነአባቴ። አባቴ ቀጥቃጭ እንደነበርም ነገርኳቸው።

አባ የአባቴን የክርስትና ስም ጠየቁኝ፣ ነገ በጸሎት ሊያስቡት። እዚህ አገር ያን ስም ጠርቼው አላውቅም። እትዬ ሳሎን ተቀምጠው ይሰማሉ። ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም።