መናፍስቱ አንገታቸውን ደፍተው ስላለፉት ቤት

ለተከበሩ አቶ ኩሜዳ፣
የካኪዛካ ሠፈር ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የቤተ መቅደሱ ትልቅ ዛፍ ቅጠሉን ማራገፍ ስለጀመረ፣ እንደየዓመቱ ማለዳ መጥረጊያ ይዘው ሲወጡ ወገብዎን ብርድ እንዳይመታዎ አደራ እላለሁ።

ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት በርዎን ማንኳኳት አቅቶኝ አይደለም። በግል ብጽፍልዎ በግል ይቅርታ ይጠይቁኛል፤ እኔም በግል «ኧረ ምንም አይደል» እልዎታለሁ፤ ነገሩም በሁለታችን ይሉኝታ መካከል ተቀብሮ ይቀራል። ዘንድሮ አንድ ቀብር ይበቃኛል። ስለዚህ ሠፈሩ በሙሉ እየሰማኝ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

አንደኛ፣ ልጆች መናፍስት መስለው ቤት ለቤት ከረሜላ ለሚለምኑበት ለሃሎዊን ምሽት በአጥራችን በር ላይ የተለጠፈውን የዱባ ሥዕል ስላስነሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ልጆች ሥዕሉ ያለበትን በር ብቻ እንዲያንኳኩ ማኅበሩ ያወጣው ደንብ ብልህነት የሞላበት ነው። በሌላው አገር መናፍስት ደስ ወዳላቸው ቤት ይገቡ ይሆናል፤ የካኪዛካ መናፍስት ግን አስቀድመው ይመዘገባሉ፣ በሰልፍ ይሄዳሉ፣ ቀይ መብራት ሲያዩ ይቆማሉ፣ የወደቀ የከረሜላ ወረቀትም ለቅመው ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ። ይህን ያህል ሥርዓት ያለው ሙት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ሥዕሉን ለማንሣት የመጡት ምክትልዎ ወይዘሮ ናሩሚም ጨዋነታቸው ልብ የሚነካ ነበር። «ጋሼ ኡራታ፣ ሐዘን ላይ አይደሉ እንዴ? ዓመት እንኳ ሳይሞላ በዓል እዚህ ቤት ቢገባ ሰው ምን ይላል? እርስዎ ምንም አይድከሙ፣ እኛ አለንልዎ!» አሉኝ። «የለም፣ ሚዮኮ እኮ…» ብዬ ስጀምር እጅ ነሱ፤ ልቀጥል ስል እንደገና እጅ ነሱ፤ እንዲሁ እጅ እየነሱ ወደ ኋላ እየተራመዱ ከአጥሩ ወጡ። ከዚያ ሁሉ አክብሮት መሐል ቃል ማስገቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

ሁለተኛ፣ ሐዘን ላይ እንደሆንኩ ስላሳሰቡኝ አመሰግናለሁ። ለቀባሪው አረዱት ይባል የለ! ባለቤቴ ሚዮኮ በሰኔ ማረፏን እስካሁን የሰማሁት ከእርስዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዴት በወደድኩ። ሐዘንተኛ የአዲስ ዓመት ካርድ እንደማይልክ፣ በመቅደስ ቀይ በር ሥር እንደማያልፍ፣ ዓመት እስኪሞላው ደስታ ካለበት እንደሚርቅ አውቃለሁ፤ አባቶቻችን ያቆዩን ነውና እጠብቀዋለሁም። ነገር ግን ትናንት ከባሕር ማዶ ያስመጣነውን፣ ልጆች አፅም ለብሰው ከረሜላ የሚሰበስቡበትን ቀን በዚህ ደንብ ውስጥ ማን እንዳስገባው የቤተ መቅደሱን መነኩሴ ሳይቀር ብጠይቅ የሚያውቅ አላገኘሁም። መነኩሴው እንኳ ሳቁ፣ ከዚያም ሐዘንተኛ መሆኔ ትዝ ሲላቸው ሳቃቸውን ዋጡ። እናም ሞተው የተነሡ መስለው ለሚዞሩ ልጆች በዚህ ሠፈር የማይገባ ቤት አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱም ሰው የሞተበት ቤት።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አንሥቼ መልሼ አስቀምጫለሁ።

እኔና ሚዮኮ ልጅ አልወለድንም። ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጨዋ ስለሆነ አያነሣውም። ይህ የፈረንጅ በዓል ካኪዛካ በገባ ጊዜ እኔ፣ ዕድሜዬን የከተማ አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ ሰው፣ «ደግሞ የሰው አገር ጂኒ ልናስተናግድ ነው?» ብዬ ቀልጄ ነበር። እሷ ግን የፈረንጅ ጠንቋይ ለመምሰል ጥቁር ካባ ሰፋች፣ ሾጣጣ ባርኔጣ ሠራች፣ አፍንጫዋን አረንጓዴ ቀባች፣ ከበሩ ኋላ ተደብቃ ጠበቀች። ልጆቹ «ከረሜላ ወይስ ተንኮል!» ብለው ሲጮኹ ዘልላ ወጥታ ስታስደነግጣቸው እስከ ታችኛው መንገድ ድረስ እየጮኹ ሮጡ፤ ከዚያም እየተሳሳቁ ተመልሰው መጡ። በዓመት አንድ ምሽት ቤታችን የልጅ ጫማ ኮቴ ይሰማበት ነበር። እርስዎ የሰረዙት ይህን ምሽት ነው።

ከማረፏ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ የልጅነት የኪሞኖ ቀሚሶቿን አስመጥታ በመቀስ ቆራረጠቻቸውና ለከረሜላ መያዣ የሚሆኑ ትንንሽ ከረጢቶች መስፋት ጀመረች። ነርሷ «እማማ፣ ይረፉ እንጂ፣ ይኼ ምን ይሉታል?» ብትላት «አርፌ ነው እኮ የምሰፋው» አለቻት። ጣቶቿ መርፌ መያዝ እስኪያቅታቸው ድረስ ሰፋች። ከዚያ ጠራችኝና፣

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ እንዳታድላቸው። መጀመሪያ አስፈራራቸው። ሳይፈሩ የተቀበሉት ከረሜላ አይጣፍጥም» አለችኝ።

«እኔን ደግሞ ማን ይፈራል?»

«አውቶቡስህ ውስጥ የተሳፈረ ሁሉ!» ብላ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። እኔም ባርኔጣሽን አጠልቃለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት።

እንግዲህ ክቡር ሊቀመንበር፣ የሃሎዊን ዕለት ምሽት በራችን ከፈት ብሎ አይተውኝ ከሆነ፣ አእምሮውን የሳተ ሽማግሌ አልነበርኩም። ሥዕሉ ባይኖርም ልጆቹ ቤቱን ያውቁታል፣ ይመጣሉ ብዬ ካባዋን ደርቤ፣ አፍንጫዬን አረንጓዴ ቀብቼ፣ ከረጢቶቹን በቅርጫት ይዤ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። ጩኸታቸው ከታችኛው ቤት ተሰማኝ። ከዚያም ከቀጣዩ። ወደ እኛ ሲቃረቡ ግን ድንገት ጸጥ አለ። ደግ አድርገው አስጠንተዋቸዋል፤ በሐዘንተኛ ደጅ አይጮኽም። እኔ ዘልዬ ወጥቼ እንደተባልኩት «ኻ!» አልኩ። የፈራ አልነበረም። አፅሞቹ፣ ደም መጣጮቹ፣ ባለ ዱባ ራሶቹ በሰልፍ ቆመው፣ እጃቸውን ከጎናቸው አድርገው፣ በአንድነት አንገታቸውን ደፉልኝ። በቀብሯ ዕለት እንኳ እንዲህ ያማረ ሰልፍ አላየሁም።

ነጭ አንሶላ የለበሰች አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ቀና ብላ «እማዬ፣ ጠንቋይዋስ?» አለች። እናቷ «እሽሽ! ጋሼ አዝነዋል፣ ነይ እንሂድ» ብላ እጇን ሳበቻት። መልሱ እኮ በቅርጫቴ ውስጥ ነበር። ጠንቋይዋ ላንቺ ብላ ሰፍታልሻለች ልላት አፌን ስከፍት ሰልፉ አልፎ ነበር። እኔም በሚስቴ ባርኔጣ፣ በመንገድ ላይ፣ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለሞተች አይደለም፤ ለዚያ አልቅሼ ነበር። ያለቀስኩት የጠየቀችኝን አንድ ነገር ማድረግ ስላቃተኝ ነው።

በማግስቱ ማኅበሩ በግራጫ ወረቀት የተጠቀለለ ውድ ጣፋጭ ስለላከልኝም ባለውለታዎ ነኝ። ከረሜላውን የሚሰጠው ሰው አጥቶ ለተቀመጠ ሰው ከረሜላ መላክ፣ ይህን ያሰበ አእምሮ ተራ አእምሮ አይደለም።

ልመናዬ አጭር ነው። በዓል አይሁን፤ ሥዕልም ሰልፍም አያስፈልግም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ በአንዱ ተራ ቀን፣ እንዳሻቸው እየጮኹ በሬን ይደብድቡት። እንዳይሰግዱልኝ ብቻ ይንገሩልኝ። ማስፈራቱን በመስታወት ፊት እየተለማመድኩ ነው፤ እስካሁን የፈራሁት ራሴ ብቻ ነኝ።

ጤናና ረጅም ዕድሜ ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ እየተመኘሁ፣ ለአሳቢነትዎ ያለኝ አድናቆት ከምሸከመው በላይ ሆኖብኝ ጎንበስ እንዳልኩ፣

ታዛዥዎ
ኡራታ ሴይጂ
ከዳገቱ አናት፣ ከፖስታ ሳጥኑ አጠገብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከጣፋጩ ጋር በላኩልኝ ካርድ ላይ፣ ሐዘኔ በመጪው ሰኔ ስለሚያበቃ ለሚቀጥለው ሃሎዊን ያለ ችግር መመዝገብ እንደምችል ገልጸውልኛል። ሐዘኔ የሚያበቃበትን ቀን ስላሳወቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ አላውቀውም ነበር።