ድራመሩ ይሮጣል

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ቸርች ድራም መታሁ። እንደ ሁልጊዜው። የሲምባሉ ስንጥቅ ሰፍቷል... ስመታው የወደቀ የድስት ክዳን ነው የሚመስለው። ኪኩ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም፣ ውስጥ የጎሰጎስኩትን ብርድ ልብስ አውጥቼ አየሁት። ሚስቴ ሄራን ጠፋብን ስትል የከረመችው ነው። መልሼ ጎሰጎስኩት።

ከፕሮግራም በኋላ የኳየሩ ሰብሳቢ ጋሽ ታምሩ አስቀሩን። አንድ መዝሙር ስቱዲዮ ገብተን ልንቀርጽ ነው። አቀናባሪው ሕዝቅያስም መጥቶ ነበር። “ድራሙን ማሽን ይሠራዋል፣ አታስቡ” አለ። ጋሽ ታምሩ “ያቤጽ እያለልን?” አሉ። ሕዝቅያስ ከላይ እስከ ታች አየኝ። “እሺ... እንሞክረው።” ጫማ ነኝ እንዴ?

ከልጅነቴ ጀምሮ እመታለሁ። ተቀርጾ የቀረ አንድም ነገር የለኝም። ይሄን መዝሙር እፈልገዋለሁ። በጣም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ባህል አዳራሽ ሰፈር፣ የእንጨት ቶርኖ ያለው ኑሪ ጋ ሄድኩ። ሥራው የወንበር እግር ማውጣት ነው። የድራም ዱላዬንም እሱ ነው ከወይራ የሚያወጣልኝ። የፈረንጁ ዱላ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይሰበራል። የኑሪ አይሰበርም፤ ሲምባሉን ነው የሚሰብረው። “ለስቱዲዮ ነው፣ ቀጠን አድርግልኝ” አልኩት። ቀጠን አደረገልኝ። አሁንም የወንበር እግር ይመስላል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ስቱዲዮው ሐይቅ ዳር ነው፣ ከአንድ ሆቴል ጀርባ። የእነሱ ሲምባል ስንጥቅ የለውም። ነካ አድርጌው ድምፁን ሰማሁና የእኔ አሳፈረኝ።

ሕዝቅያስ ማዳመጫ አጠለቀልኝ። ጆሮዬ ውስጥ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ክሊክ ይሉታል። ከእሱ ጋር እኩል መምታት ነው፣ ሌላ ሥራ የለም። ጀመርን። ጥሩ ነበር። አዝማቹ ላይ ስደርስ ክሊኩ ወደኋላ ቀረ።

“ትሮጣለህ” አለ ሕዝቅያስ።

“ክሊኩ ነው የቀረው።”

ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። እንደገና መታሁ። “ትሮጣለህ።” እንደገና። “አሁንም ትሮጣለህ።” የቀረጸውን መልሶ ሲያሰማኝ፣ ከድራሙ ጋር የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ኮቴ ተሰማ።

“ምንድነው ይሄ?”

“አባ ኮዳ ነው፣ መላጣው ትልቅ ወፍ” አልኩ። ሐይቅ ዳር ያለ ጣሪያ ሁሉ የእነሱ ነው።

ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። “ወፉ ክሊኩን ጠብቆ ነው የሚራመደው።”

አልሳቀም። ቀልድ አልነበረም ማለት ነው። ስወጣ “ለሚቀጥለው ቅዳሜ ካልሆነልህ በማሽን እሠራዋለሁ። አትቀየመኝ” አለኝ። አልቀየምም አልኩት። ተቀይሜያለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ቸርች ውስጥ ራሴን ስሰልል ዋልኩ። ለካ ስመታ የማየው ሄራንን ነው! ሁለተኛው መስመር ላይ ትዘምራለች። ትከሻዋ ከፍ ሲል እከተላታለሁ። እሷ የሕዝቡን ጭብጨባ ትከተላለች። ሕዝቡ ፊት ወንበር ላይ የሚያጨበጭቡትን ወይዘሮ ጽጌን ይከተላል። እሳቸው ማንን እንደሚከተሉ ጌታ ይወቅ። ብቻ አዝማቹ በመጣ ቁጥር ሁላችንም እንሮጣለን። ማንም ተናግሮን አያውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ከሥራ መልስ ስልኬ ላይ ክሊክ ከፍቼ ትራስ እደበድባለሁ። ሄራን በሩ ላይ ቆመች።

“ትራሱ ምን አደረገህ?”

ነገርኳት። አሰብ አደረገች። “ክሊኩን እንደ እማዬ ቁጠረው። ከእማዬ ቀድመህ በር ገብተህ ታውቃለህ?”

“ኧረ በስማም!”

“መንገድ ላይ ወደኋላ ስትቀርስ?”

“ቆሜ እጠብቃቸዋለኋ።”

“በቃ።”

ሞከርኩት። አማቴ ጆሮዬ ውስጥ ቲክ ቲክ እያሉ ሄዱ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ከኋላ። አዝማቹ ላይ ልቀድማቸው ስል አፈርኩ። ይሠራል መሰለኝ...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሆነልኝ!! “ያዝኩት” አለ ሕዝቅያስ። “ማሽን አያስፈልግም።” ሌላ ምንም አላለም፤ ለእኔ በቂ ነው። ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሹፌሩ በመስታወት አየኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ጉድ ሆንኩ። ቸርችም አማቴን ጆሮዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ቀጥ ብዬ መታሁ። መዝሙሩ አልነሳ አለ። ሕዝቡ እያጨበጨበ ጥሎኝ ይሄዳል፣ እኔ እጎትታለሁ። ሄራን ዞር ብላ አፈጠጠችብኝ። ጋሽ ታምሩ “አሞሃል እንዴ?” አሉ። ወይዘሮ ጽጌ ደግሞ “ቁርስ አልበላህም፣ ልጄ?” በልቻለሁ አልኳቸው። አላመኑኝም።

ስቱዲዮውን አገኘሁ ብዬ ቸርቹን ላጣው ነው? ሁለቱንም መሆን አይቻልም? ፈራሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ዛሬም ግማሽ ግማሽ። ሲያጨበጭቡ እከተላለሁ፣ ከዚያ አማቴ ትዝ ይሉኛል፣ እቆማለሁ። ጋሽ ታምሩ ድራም ስለሚመታ አንድ የቱላ ሰፈር ልጅ ሲያወሩ ሰማሁ። በእኔ ቦታ ሊያመጡት ነው እንዴ?

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሕዝቅያስ ያለቀውን መዝሙር በፍላሽ ይዞ ቸርች መጣ። በስፒከር ተሰማ። እኔ ነኝ። የእኔ እጅ ነው። እንባዬ መጣ፣ ሲምባሉን የማጠብቅ መስዬ ጎነበስኩ።

ከዚያ ጋሽ ታምሩ “እስቲ አሁን እዚሁ እንዘምረው” አሉ። ሕዝቅያስ ፊት ወንበር ላይ ነው፣ ከወይዘሮ ጽጌ ጎን። አማቴን ይዤ ጀመርኩ፣ ቀጥ ብዬ። አዝማቹ መጣ። የሄራን ትከሻ ከፍ አለ። ምን ላድርግ? ቀና ስል ሕዝቅያስን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ያጨበጭባል። ከወይዘሮ ጽጌ ቀድሞ! ከሁላችንም ቀድሞ! አማቴን በሩ ላይ ይቅርታ ጠይቄ ተከተልኩት። ቤቱ ተነሳ።

ሲያልቅ ላቡን እየጠረገ መጣ። “ትሮጣለህ።”

“አንተን ተከትዬ ነው።”

እጆቹን አየ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። “ቅዳሜ ሌላ ኳየር አለኝ። ና።”

“ማሽኑስ?”

“እሱ ማንንም አይከተልም።”

ወይዘሮ ጽጌ በጎኔ ሲያልፉ “ዛሬ በልተሃል” አሉኝ። ሄራን ደጅ ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

“ሕዝቅያስ ምን አለህ?”

“ትሮጣለህ አለኝ።”

“ታዲያ ምን ያስቅሃል?”