ከባሌ ኮምፒውተር የወጡት የግብር ጥያቄዎች

ሐምሌ 4

ደንበኛ የለም። ሁለት ዚፕ ቀየርኩ፣ በቃ። የልብስ ስፌት ሱቄን ግብር እስከ መቼ እንደምከፍል ልይ ብዬ የባሌን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ገና "ግብር" ብዬ የኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ ስጽፍ ከሥር ደረደረው... "ግብር ሁለት ቤት ላለው ሰው"። "ግብር ከፍቺ በኋላ"። "ግብር ቤት በወንድም ስም ሲዞር"። "ግብር ውጭ አገር ለሚሄድ"።

እኔ አልጻፍኩትም። ታዲያ ማን ጻፈው? ከእሱ በቀር ይህን ኮምፒውተር የሚነካ የለም።

ሐምሌ 5

ሁለት ቤት? ሁለተኛው የት ነው?

ሐምሌ 7

ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ዓይኔን ከፊቱ ሳልነቅል፣ "ወንድምህ እንዴት ነው?" አልኩት።

"ደህና ነው። ምነው?"

"እንዲያው ነው።"

ሳቀ። ምን ያስቀዋል? ሲዋሽ አፍንጫውን ያካል፣ አውቀዋለሁ። ዛሬ አላከከም። ሠልጥኗል ማለት ነው!

ሐምሌ 9

ሸሚዙን ፈተሽኩ። የእንጨት ብናኝ፣ አንድ ምስማር፣ የአውቶቡስ ትኬት። ትኬቱ ከሰፈራችን እስከሚሠራበት አናጺ ቤት ነው። እሱ እንዲህ ጥንቁቅ ሰው ነበር እንዴ?

ሐምሌ 11

አደረግኩት። የቤቱን ካርታ ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ እህቴ ጋ ወሰድኩት።

"አንቺ ልጅ፣ አበድሽ?"

"በወንድሙ ስም ሲያዞረው ቁጭ ብዬ ልየው?"

አሥራ ስድስት ዓመት በመርፌ ለቅሜ የሠራሁት ቤት ነው። ማንም አይነካውም!

ሐምሌ 14

ምሳ ላይ ሁለት ጊዜ አየት አደረገኝና አቀረቀረ። ይኸው፣ ጥፋተኛ እንዲህ ነው የሚያቀረቅረው።

ሐምሌ 16

ወይ ጉዴ! የግብር ቅጽ ላስሞላ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ "ግብር" ብላ ስትጽፍ እነዚያው አራቱ ወጡ።

"አንቺም ሁለት ቤት አለሽ?" አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። "እትዬ፣ ይሄ እኮ የኔ አይደለም! ሰው በየአገሩ አብዝቶ የሚጠይቀውን ነው የሚደረድረው። አንድ ሰው ራሱ የጠየቀው በዚህ በኩል ነው የሚታየው።" አሳየችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐምሌ 17

እሱ ሥራ ሲሄድ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ልጅቷ ባሳየችኝ በኩል ገባሁ። ስለ ግብር አንዲት ቃል የለም። የማጣበቂያ ዓይነት... የበር ማጠፊያ... ከዚያ ሐምሌ 12፣ "የቤት ካርታ ከቁም ሳጥን ቢጠፋ"። ሐምሌ 13፣ "ሚስት ፍቺ ስታስብ በምን ይታወቃል"። ትናንት፣ "ሚስትን ሳያስቀይሙ እንዴት መጠየቅ ይቻላል"።

አልቅሼ አልቅሼ ዓይኔ አበጠ። አምስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሲብሰለሰል እኔ የእሱን ኪስ እፈትሽ ነበር!

ካርታውን ከእህቴ ወስጄ አናጺ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። በእጁ ሰጠሁት። ሁሉንም ነገርኩት።

"አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?" አለ።

ሐምሌ 19

ዛሬ እሑድ ነው። ጠዋት መሣሪያውን አውጥቶ ቁም ሳጥኑ ላይ ቁልፍ ገጠመ። ቆሜ አየሁት። ካርታውን አስገብቶ ቆለፈው። ከቁልፉ ጋር ሁለት መክፈቻ ነበር፤ ሁለቱንም ኪሱ ከተተ።

አንዱን ስጠኝ ልለው አፌን ከፈትኩ... ተውኩት።